31 ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ ያነሳው ቡድን እና የሰፈራችን የክረምት ውድድር

ቁጥሩን አስቀድሜ ልንገራችሁ። 47 ድል፣ 31 ሽንፈት፣ አንድ ዋንጫ።

የካሊፎርኒያው ፍሬዝኖ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን በ2000 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2008 መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ ኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ውጤት ነው። በዚያ ውድድር ታሪክ ይህን ያህል ጊዜ ተሸንፎ ዋንጫ ያነሳ ቡድን የለም። እግር ኳስ እያየን ላደግን ሰዎች ነገሩ ግራ ያጋባል። ሻምፒዮን ሲባል ለእኛ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቻ የተሸነፈ ቡድን ነው የሚታየን። 31 ጊዜ የተሸነፈማ ወርዷል፣ አሰልጣኙም ተባሯል፣ ደጋፊውም ስታዲየም መግባት ትቷል።

ስለዚህ ቡድን መጀመሪያ የነገረኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ካሊፎርኒያ ከገባ ቆይቷል። ስንደዋወል እኔ ስለ ሐዋሳ ከነማ አወራለሁ፣ እሱ ደግሞ ስለ ፍሬዝኖ ልጆች ያወራል፤ በ1999 እኛ ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉን ዋንጫ ስናነሳ ከተማው እንዴት እንደሆነ አስታውሼ ስነግረው «በዓመቱ እኮ እዚህም እንደዚያ ነበር» ይለኛል። ሲደጋግምብኝ ጊዜ ዩቲዩብ ላይ የድሮ ጨዋታዎቹን ፈልጌ ማየት ጀመርኩ። መጀመሪያ ምንም አልገባኝም። ሕጉ ቀስ በቀስ ሲገባኝ ግን ልቤ እዚያው ቀረ።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ የሰፈር ልጆችን እግር ኳስ አሰለጥናለሁ። ደመወዝ የለውም፣ ከሥራ በኋላና ቅዳሜና እሁድ የምሠራው ነው። ልጆቹ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። የክረምት ውድድራችን የሚካሄድበት መንገድ እነዚህን ልጆች እየጎዳ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ የተሻለው መንገድ ምን እንደሚመስል ያሳየኝ ደግሞ የፍሬዝኖ ቡድን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእነሱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ። ሁለት ቡድን፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሰው። የአንዱ ቡድን ወርዋሪ ኳስ ይወረውራል፣ የሌላው ቡድን መቺ በዱላ ይመታል። የመታው ሰው በሜዳው ላይ ያሉትን ማረፊያዎች በሩጫ ዞሮ መነሻው ጋ ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ከመቺዎቹ ሦስቱ ሲወጡ ተራው ለሌላው ይሆናል። እንዲህ እየተፈራረቁ ዘጠኝ ዙር ይጫወታሉ። ኳሱን መትቶ ከአጥሩ ውጭ የሰደደው ሆም ራን አገባ ይባላል፣ እሱም ሆነ በየማረፊያው የሚጠብቁት ጓደኞቹ ሁሉ ተረጋግተው ይገባሉ። ሦስት ጊዜ ስቶ ሳይመታ የቀረ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ወደ ወንበሩ ይመለሳል። ለዛሬ ይህ ይበቃል።

ዋናው ነገር፣ በዚህ ጨዋታ መሸነፍ የዕለት እንጀራ ነው። የአሜሪካ ትልቁ ሊግ ውስጥ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ያደርጋል። 100 ያሸነፈ ቡድን እጅግ ጥሩ ቡድን ይባላል። ይህ ማለት ያ እጅግ ጥሩ የተባለው ቡድን 62 ጊዜ ተሸንፎ ወደ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው። መቺዎቹም እንደዚያው ናቸው፤ ከአሥር ጊዜ ሦስቱን የተሳካለት ሰው ጎበዝ ነው የሚባለው፣ ሰባቱን ግን ከሽፎበታል። አንዱ ምክንያት ወርዋሪው ነው። የሰው ክንድ በየቀኑ መቶ ጊዜ በሙሉ ኃይል መወርወር አይችልም። አንድ ጨዋታ የጀመረ ወርዋሪ ለቀናት ማረፍ አለበት፣ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ቅዳሜ ያሸነፈው ቡድንና እሁድ ሜዳ የገባው ቡድን ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው አንድ አይደለም።

ይህን ሁሉ ግምት ውስጥ አስገብተንም ቢሆን 31 ሽንፈት ብዙ ነው። ፍሬዝኖዎች ዓመቱን የጀመሩት በመጥፎ ሁኔታ ነበር። ይባስ ብሎ ምርጡ ወርዋሪያቸው ታነር ሼፐርስ ትከሻውን ተጎዳና ዋናው ውድድር ሲመጣ መጫወት አልቻለም። አሰልጣኙ ማይክ ቤትሶል በቀሩት ልጆች ነው የቀጠለው። የራሳቸውን ሊግ የማጠቃለያ ውድድር አሸንፈው ወደ አገር አቀፉ ገቡ። ሲገቡ 27 ሽንፈት ይዘው ነበር።

አገር አቀፉ ውድድር እንዲህ ነው። 64 ኮሌጆች ይመረጣሉ፣ በ16 ከተሞች አራት አራት ሆነው ይመደባሉ። አራቱ ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ፍሬዝኖ ሎንግ ቢች ሲመደብ የተሰጠው ደረጃ 4ኛ ነበር፣ የመጨረሻው። ከእያንዳንዱ ከተማ አንድ ብቻ ያልፋል። 16ቱ አላፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይገናኛሉ፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል። የቀሩት ስምንቱ ነብራስካ ውስጥ ወዳለችው ኦማሃ ይሄዳሉ። ከ1950 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍጻሜው የሚደረገው እዚያች ከተማ ነው፣ ያን ጊዜ ሮዘንብላት በሚባለው አሮጌ ስታዲየም ነበር። ስምንቱም አራት አራት ሆነው ይጫወታሉ፣ የሁለቱ ምድብ አሸናፊዎች ደግሞ በመጨረሻ እንደገና ከሦስት ሁለት ያሸነፈ በሚለው ይለያያሉ።

አሁን ልብ በሉልኝ። በአራት ቡድን ምድብ ውስጥ አንድ ጊዜ የተሸነፈ አይወጣም። የሚወጣው ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጨዋታ ይደረጋል። አሸናፊዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ፣ ተሸናፊዎቹም እርስ በርስ። ከተሸናፊዎቹ መካከል እንደገና የተሸነፈው ይሰናበታል፣ ያሸነፈው ግን ከላይ ወድቆ የመጣውን ይገጥማል። እሱን ካሸነፈ እስካሁን ያልተሸነፈውን ቡድን ያገኛል። ያልተሸነፈውን ለማስወጣት ደግሞ ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ግድ ነው፣ ምክንያቱም እሱም አንድ ሽንፈት ይፈቀድለታል።

ፍሬዝኖ በአራቱም ደረጃ አንድ አንድ ጊዜ ተሸነፈ። በአራቱም!

ሎንግ ቢች ላይ አንዴ ተሸንፎ አለፈ። ከዚያ ከአገሩ 3ኛ ደረጃ የተሰጠውን አሪዞና ስቴትን በሜዳው ቴምፒ ላይ ገጠመ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ 12 ለ 4 ተቀጣ፣ በማግስቱ 8 ለ 6 አሸነፈ፣ በሦስተኛው 12 ለ 9። ኦማሃ ሲገባ ራይስን 17 ለ 5 አደባየው። ኖርዝ ካሮላይናን 5 ለ 3 አሸነፈ። ኖርዝ ካሮላይና ከተሸናፊዎች በኩል ዞሮ እንደገና መጣና 4 ለ 3 አሸነፈው። አሁን ሁለቱም አንድ አንድ ሽንፈት ይዘዋል፣ የሚቀጥለው የሁለቱንም ዕጣ ይለያል። ፍሬዝኖ 6 ለ 1 አሸንፎ ፍጻሜ ገባ።

ፍጻሜው ከጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ነበር። የመጀመሪያውን ጨዋታ ሲመሩ ቆይተው መጨረሻ አካባቢ ተነጠቁና 7 ለ 6 ተሸነፉ። እንዲህ ያለ ሽንፈት አንገት ያስደፋል። ሁለተኛው ላይ ገና በጠዋቱ 5 ለ 0 ተመሩ። ያን ቪዲዮ ሳይ ውጤቱን አስቀድሜ እያወቅሁ እንኳ «በቃ አለቀላቸው» ብያለሁ። 19 ለ 10 አሸነፉ!

ሦስተኛው ሰኔ 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። ያቺን ቀን እዚህ አገር ብዙ ሰው ያስታውሳታል፣ በሌላ ምክንያት። በዩሮ 2008 ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ቱርክን 3 ለ 2 ያሸነፈችበት፣ በማዕበል ምክንያት ሥርጭቱ እየተቋረጠ ዓለም ሁሉ ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጠጠበት ማታ ነው። እኛ ስለ ፊሊፕ ላህም ጎል እየተከራከርን ተኛን። ኦማሃ ከእኛ በ8 ሰዓት ወደኋላ ናት፣ እኛ እንቅልፍ ላይ ሳለን የፍሬዝኖ ልጆች ሜዳ ገቡ።

የዚያን ምሽት ሁለት ሰው ብቻ ላንሳ። አንደኛው ጀስቲን ዊልሰን ነው፣ ወርዋሪው። ካረፈ ሦስት ቀን ብቻ ነበር የሆነው፣ ከተለመደው ያነሰ ነው። በዚያ ክንድ ስምንት ዙር ወረወረ፣ ጆርጂያዎች ከእሱ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ነው ያገኙት። ሁለተኛው ስቲቭ ዴትዋይለር ነው። የአውራ ጣቱ ጅማት ተቀዶ ነበር። ዱላ በሁለት እጅ ጨብጦ ለሚመታ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ኳሱ ዱላውን በነካ ቁጥር ሕመሙ ክንድ ድረስ ይሰማል። ልጁ ግን ሁለት ሆም ራን መታ። ቡድኑ በዚያ ምሽት ያገኛቸውን ስድስት ነጥቦች ሁሉ ያስገባው የእሱ ዱላ ነው። 6 ለ 1። የመጨረሻዋን ኳስ አየር ላይ የቀለባትም እሱ ራሱ ነው። ያን ቅጽበት ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ወደፊትም አያለሁ።

ሌላ ሰው ደግሞ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የሆነው። ቶሚ ሜንዶንካ ይባላል። በዚያ ዓመት 99 ጊዜ ሳይመታ ተመልሷል። በኮሌጅ ቤዝቦል የአንደኛ ዲቪዚዮን ታሪክ በአንድ ዓመት ይህን ያህል ጊዜ የሳተ አልነበረም። 99 ጊዜ በሺዎች ፊት ዱላውን ወዝውዞ ንፋስ ብቻ መትቶ ወደ ወንበሩ ሄዷል ማለት ነው። አሰልጣኙ ግን አላስቀመጠውም። ኦማሃ ላይ አራት ሆም ራን መታ፣ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ተመረጠ። ለልጆቼ ይህን ስነግራቸው አንዱ «ኮች፣ 99 ጊዜ ስቶ እንዴት አልተቀየረም?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኛ ጋ አንድ አጥቂ ሁለት ጎል ከሳተ ከመስመር ዳር ወላጅ ሳይቀር «አውጣው!» እያለ ይጮሃል።

ከአራቱ ሽንፈቶች በኋላ ፍሬዝኖን በሕይወት ያቆየው የውድድሩ ሕግ ነው። ከተሸነፉ ዓመቱ የሚያበቃበት ጨዋታ ስድስት ጊዜ ገጥሟቸዋል፣ ስድስቱንም አሸንፈዋል። ጥሎ ማለፍ ቢሆን ኖሮ ግን ከነዚያ ስድስት ጨዋታዎች አንዱንም አያዩም ነበር። ሎንግ ቢች ላይ የተሸነፉ ቀን ቦርሳቸውን ሸክፈው ይሄዱ ነበር። ዴትዋይለርን፣ ዊልሰንን፣ ሜንዶንካን ማንም አያውቃቸውም ነበር።

እሺ፣ አሁን ወደ ሐዋሳ።

የሰፈራችንን የክረምት ውድድር የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ 16 ቡድን ይመዘገባል። ከግንቦት ጀምሮ ልጆቹ በሲዳምኛ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛ እየተጯጯሁ ሲለማመዱ ይከርማሉ። እናቶች አዋጥተው መለያ ያሠራሉ። ጫማ የሌለው ከወንድሙ ይዋሳል፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይገባል። ዕጣ ይወጣል። ከዚያ ጥሎ ማለፍ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜና እሁድ ስምንት ቡድን ይወጣል። ስምንት ቡድን ማለት ከመቶ በላይ ልጅ ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ክረምቱ ያለቀበት።

ባለፈው ክረምት የእኔ ልጆች ከነዚያ መካከል ነበሩ። 0 ለ 0 ጨርሰን በመለያ ምት ወጣን። የመጨረሻዋን የሳተው ልጅ ሜዳው ላይ ተቀምጦ አልነሳም አለ፣ በረኛችን መጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ከዚያ ሌሎቹም አንድ በአንድ መጥተው ተቀመጡ። እኔ ማለት የምችለው ነገር ጠፋኝ። «በሚቀጥለው እናሸንፋለን» እንዳልላቸው የሚቀጥለው የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው፤ በዓመት ውስጥ ደግሞ ግማሾቹ ዕድሜያቸው ያልፋል። በማግስቱ መለያቸውን ለብሰው መጡ። የሚጫወቱት ጨዋታ የላቸውም፣ ሌሎች ሲጫወቱ ለማየት ነው መለያውን የለበሱት። ይህ ነገር እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ሌላም ነገር አለ። የክለብ መልማዮች ወደ ሜዳችን የሚመጡት ብዙ ጊዜ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ነው። ልክ ናቸው፣ እነሱም ጊዜ የላቸውም። በመጀመሪያው ቀን የወጣ ልጅ ግን ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የሚያየው የለም። በአንድ መለያ ምት፣ በአንድ የዳኛ ስህተት፣ በአንድ ጭቃ በያዘው ኳስ ምክንያት። ሐዋሳ ብዙ ተጫዋች ያፈራች ከተማ ናት ብለን እንኮራለን፣ መኩራትም ይገባናል፣ ግን ስንቱን ሳናየው እንዳሳለፍነው አናውቅም።

ይህን ለውድድሩ አስተባባሪ ነገርኳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ውድድሩን ከኪሳቸው እያወጡ ነው የሚያቆሙት፣ ክብር ይገባቸዋል። «ጋሼ፣ ልጆቹ ቢያንስ ሁለት ጨዋታ ያግኙ» አልኳቸው። «ስማ ልጄ» አሉኝ፣ «ሜዳ የለም፣ ዳኛ የለም፣ ዝናቡም አያስጫውትም። 15 ጨዋታ አድርገን መጨረሳችንም በእግዜር ነው።»

እውነታቸውን ነው፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁ። 16 ቡድን በአራት ምድብ ይከፈል። እያንዳንዱ ምድብ እንደ ፍሬዝኖዎቹ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ በሚወጣበት ሕግ ይጫወት። አራት ቡድን ላለው ምድብ 6 ጨዋታ ይበቃል፣ ያልተሸነፈው ቡድን መጨረሻ ላይ ከተሸነፈ 7። አራቱ ምድቦች አንድ ላይ ከ24 እስከ 28 ጨዋታ ይሆናሉ። ከዚያ አራቱ አላፊዎች ግማሽ ፍጻሜ፣ የደረጃ ጨዋታ ሳይኖር ፍጻሜ፤ ሦስት ጨዋታ። በድምሩ ከ27 እስከ 31።

የልጆች ጨዋታ 20፣ 20 ደቂቃ ነው። ከዕረፍቱና ከመግቢያ መውጫው ጋር አንድ ሰዓት ይፈጃል። የሐዋሳ ክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚብሰው፣ ስለዚህ ጠዋት 1 ሰዓት ጀምረን 5 ሰዓት ላይ አራት ጨዋታ እንጨርሳለን። ቅዳሜና እሁድ ስምንት ጨዋታ። በአራት ሳምንት 32። ከሐምሌ መግቢያ እስከ ጳጉሜ ዘጠኝ ያህል ቅዳሜና እሁድ አለ፤ አንዳንዱ ቀን በዝናብ ቢሰረዝም በቂ ትርፍ ጊዜ ይቀራል። ዳኝነቱን በተመለከተ ያን ቀን የማይጫወቱ ቡድኖች አሰልጣኞች ተራ በተራ ለመስመር ዳኝነት ቢቆሙ የምንከፍለው ለመሃል ዳኛው ብቻ ይሆናል። እኔ በበኩሌ በፈቃደኝነት እቆማለሁ።

አንድ ጓደኛዬ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀኝ። «ለምን ዝም ብላችሁ በምድብ ሁሉም ከሁሉም አትጫወቱም? እሱም ለአራት ቡድን 6 ጨዋታ ነው፣ እያንዳንዱ ልጅ እንዲያውም ሦስት ጨዋታ ያገኛል» አለኝ። ልክ ነው፣ ከጥሎ ማለፍም በጣም ይሻላል፣ እሱንም ከፈቀዱልን ደስ ይለኛል። ግን የሰፈር ውድድር ላይ የኖረ ሰው ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የሚሆነውን ያውቃል። ሁለቴ የተሸነፈው ቡድን ለሦስተኛው አይመጣም፣ ፎርፌ ይሆናል። ሁለቴ ያሸነፈው ቡድን ደግሞ ተቀያሪዎቹን አስገብቶ ይሸነፋል፣ በዚህ ምክንያት ሌላው በጎል ክፍያ ይወድቃል፣ ከዚያ ጭቅጭቁ እስከ ማታ ነው። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ በሚወጣበት ሕግ ግን ትርጉም የሌለው ጨዋታ አንድም የለም። በዚያ ላይ የተሸነፈ ቡድን ቀጥሎ የሚያገኘው እንደ እሱ የተሸነፈውን ነው። ለ13 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ 5 ለ 0 በተቀጣ ማግስት ሌላ 5 ለ 0 የሚቀጣው ቡድን አይጠብቀውም፣ እኩያውን ያገኛል።

ከቤዝቦል ቀጥታ የማይወሰደው አቻ ውጤት ነው። እነሱ ጋ አቻ የለም፣ አሸናፊ እስኪለይ ዙር እየተጨመረ ይቀጥላል። እኛ ተጨማሪ ሰዓት ከጨመርን ሰዓታችን ይፈርሳል። ስለዚህ ቀጥታ መለያ ምት ይሁን ብያለሁ። መለያ ምቱ ጨካኝ ነው፣ ግን የሳተው ልጅ በሳምንቱ እንደገና እንደሚጫወት ካወቀ ያን ያህል አይከብደውም።

ጋሼ ወረቀቱን ወስደው አነበቡት። ሁለት ቀን ዝም አሉኝ። ከዚያ ደውለው ሜዳውን ለጠዋት ማስፈቀድ እንደሚቻል ነገሩኝ። ስለ ምድቦቹ ተስማምተናል፣ ስለ 20 ደቂቃውም።

ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነው። እሳቸው የምድቡ መጨረሻ አንድ ጨዋታ ብቻ ይሁን፣ ያሸነፈ ይለፍ ይላሉ። ያልተሸነፈውን ሁለት ጊዜ ማሸነፍ ያስፈልጋል የሚለው ለሕዝቡ አይገባም፣ ደጋፊ ዋንጫውን ያገኘ መስሎት ሜዳ ከገባ በኋላ «ገና ነው» ብንለው ይጣላናል ይላሉ። ይህን ስጋት አልንቀውም፣ ሜዳ ላይ የተነሳ ጠብ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። ግን እስከዚያ ድረስ ሁሉም ቡድን አንድ ጊዜ የመሸነፍ ፈቃድ አግኝቷል፣ የቀረው ሁሉን ያሸነፈው ብቻ ነው። ጎበዝ ስለሆነ ብቻ ለምን ይነፈጋል? ፍሬዝኖ ኦማሃ ላይ እስከዚያ ሳይሸነፍ መጥቶ በኖርዝ ካሮላይና 4 ለ 3 ሲሸነፍ ቢያስወጡት ኖሮ በማግስቱ የመጣው 6 ለ 1 አይኖርም ነበር፣ ፍጻሜውም አይኖርም፣ ዴትዋይለርም በተቀደደ ጣቱ ያን ኳስ አይቀልብም ነበር። ሕዝቡ እንዲገባው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በትልቅ ሰሌዳ ላይ የእያንዳንዱን ቡድን ሽንፈት በቀይ ምልክት እንጽፋለን፣ አንድ ምልክት ያለው ገና ውድድሩ ውስጥ እንዳለ፣ ሁለት ያለው እንደወጣ ሕፃን ልጅም ያነበዋል። ሰሌዳውን የሚሠራልን አናጺ አግኝቻለሁ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከአሰልጣኞቹ ጋር ስንሰበሰብ ይዤው እገባለሁ።